ዝምተኛው ሕፃን፦ ጊዜያቸው ሳይደርስ ስለተወለዱ ልጆች ቀልብ

ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ከሙቀት ክፍል ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቤተሰቡን የሚያስጨንቁት ነገሮች የታወቁ ናቸው፤ ኪሎው ጨመረ ወይ፣ በደንብ ይጠባል ወይ፣ ትንፋሹ ደህና ነው ወይ፣ ብርድ አይመታውም ወይ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እነዚህ የሕይወትና የሞት ጉዳዮች ስለሆኑ ማንም እንዲያቃልላቸው አልፈልግም። ነገር ግን በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ ሆስፒታል፣ መጀመሪያ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኋላም በክትትል ክፍል በነርስነት ሳገለግል፣ እናቶች እምብዛም የማይጠይቁት፣ እኛም የጤና ባለሙያዎች ከወረፋው ብዛት የተነሳ ሳናነሳው የምናልፈው አንድ ጉዳይ እንዳለ ተረድቻለሁ፤ እርሱም የልጁ ቀልብ ነው። ቀልብ ስል ሕፃኑ ዓይኑን የት ያሳርፋል፣ ያሳረፈውን ዓይን መልሶ ማንሳት ይችላል ወይ፣ አንድን ነገር ምን ያህል ተረጋግቶ ያጠናል፣ ሲደክመው ማን ይረዳዋል ማለቴ ነው። ለዓመታት ሲያሳስበኝ የኖረው ደግሞ ይህ ነው፤ ቀድመው በተወለዱ ልጆች ላይ የትኩረት ድካም ሲኖር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጩኸትና በሩጫ ሳይሆን በዝምታ ነው፤ እኛ ደግሞ ዝም ያለን ልጅ እንመርቃለን እንጂ አንመረምርም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ማንም ወላጅ እንዳይሸበር የነገሩን ልክ ላስቀምጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ያለጊዜው ተወለደ የሚለው 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደን ሕፃን ነው፤ ከ32 ሳምንት በታች ከሆነ በጣም ቀድሞ፣ ከ28 ሳምንት በታች ከሆነ ደግሞ እጅግ በጣም ቀድሞ ተወለደ ይባላል። በድርጅቱ ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ጊዜያቸው ሳይደርስ ተወልደዋል፤ ከአሥር አንድ ገደማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ አድርጎ ያሰላ አንድ ሥራ፣ በእነዚህ ልጆች ላይ የትኩረት ጉድለት ሕመም የመታየቱን ዕድል በጊዜያቸው ከተወለዱት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ አድርጎ አግኝቶታል። በብሪታኒያና በአየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1995 ከ26 ሳምንት በፊት የተወለዱ ልጆችን የተከታተለው ኤፒኪዩር የተባለው ጥናት ደግሞ፣ ልጆቹ 11 ዓመት ሲሆናቸው 11.5 በመቶ ያህሉ የዚህን ሕመም መስፈርት እንዳሟሉ ዘግቧል። ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ሆኖም እጅግ ቀድመው ከተወለዱት ከእነዚህ ልጆች መካከል እንኳ ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሕመሙ እንዳልተገኘባቸው ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ቀድሞ መወለድ ልጁን በዓይነ ቁራኛ እንድንጠብቀው ምክንያት ይሆነናል እንጂ ፍርድ አይሆንበትም።

ትኩረት ስንል የምንጠራው ነገር በአንጎል ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም። ማይክል ፖስነርና ስቲቨን ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1990 መሠረቱን በጣሉትና ከዚያ ወዲህ በዳበረው አስተሳሰብ መሠረት፣ እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ሦስት ሥርዓቶች አሉ፤ አንደኛው ነቅቶ ለመቆየት፣ ሁለተኛው ቀልብን ወደ አንድ ነገር ለማዞርና ከዚያ ለማላቀቅ፣ ሦስተኛው ደግሞ የሚጎትተውን ነገር ተቋቁሞ በሥራ ላይ ለመጽናት ያገለግላሉ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ አይደርሱም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በጸጥታ ነቅቶ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ማንኛውም ጤናማ ሕፃን ዓይኑ ደማቅ ነገር ላይ ካረፈ በኋላ ማንሳት ሊያቅተው ይችላል፤ እናቶች «ፈዞ ቀረ» የሚሉት ይህንን ነው። ወደ አራት ወር ገደማ ይህ መጣበቅ ይላቀቅና ሕፃኑ ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እንደ ፈቃዱ ማዘዋወር ይጀምራል። ራስን የመግዛቱ ሥርዓት ግን በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ትምህርት ቤት እስኪገባና ከዚያም በኋላ ገና በመሠራት ላይ ያለ ነው።

ቀድሞ መወለድ ይህን ሂደት የሚነካው ለምንድን ነው? የእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወር ሕፃኑ የሚወፍርበት ጊዜ ብቻ ስለሚመስለን ነው ጥያቄው የሚከብደን። በ24ኛው ሳምንት አካባቢ የአንጎል ገጽ ገና ለስላሳ ነው ለማለት ይቻላል፤ በ40ኛው ሳምንት ግን እንደምናውቀው ተጣጥፎና ተሸብሽቦ ይገኛል። በእነዚሁ ሳምንታት ከስሜት ሕዋሳት የሚመጣውን መልእክት የሚያከፋፍለው ታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከላይኛው የአንጎል ሽፋን ጋር ይያያዛል፤ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነውን ቅባት ወደፊት የሚሠሩት ሕዋሳትም ገና በለጋነታቸው ላይ ናቸው። እነዚህ ለጋ ሕዋሳት የኦክስጅን ማነስንና ከኢንፌክሽን የሚነሳ ብግነትን አይችሉም፤ የሳንባ ችግር ያለበት ወይም ደሙ የተመረዘበት ጨቅላ የሚገጥመው ደግሞ ይኸው ነው። ትኩረት በአንድ የአንጎል ማዕዘን ብቻ የሚሠራ ነገር ባለመሆኑ፣ ራቅ ራቅ ያሉ ክፍሎችን የሚያገናኙት ክሮች ሲጎዱ ወይም ሲዘገዩ መጀመሪያ ከሚሰማቸው ችሎታዎች አንዱ እርሱ ነው። «ትንሽ ብቻ ነው የቀደመው» የሚባለውም ልጅ ቢሆን በ34ኛው ሳምንት የአንጎሉ ክብደት ጊዜው ሲደርስ ከሚኖረው 65 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይታወቃል። አንድ ወር ተኩል ገደማ ቀድሞ ተወልዶ ኪሎው ደህና ስለሆነ ብቻ ከክትትል የሚቀር ልጅ ስንት እንደሆነ ሳስብ ይህ ቁጥር ያሳስበኛል።

በክትትል ክፍላችን መሳቢያ ውስጥ በቀይ ክር የተጠቀለለች፣ ከሎሚ ብዙም የማትበልጥ ኳስ አለች። ሕፃኑ ጠብቶ፣ ሽንት ጨርቁ ተቀይሮ፣ ነቅቶ ጸጥ ባለበት ሰዓት ኳሷን ከፊቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቄ እይዛለሁ። ያያት እንደሆነ መላ ሰውነቱ ይናገራል፤ ዓይኖቹ ይከፈታሉ፣ እግሮቹ መራገጥ ያቆማሉ፣ ትንፋሹ ይረጋጋል። የልብ ምቱ በመሣሪያ ቢለካ ዝግ ማለቱ ይታያል፤ ሕፃን በእርግጥ ቀልቡን ሲጥል ልቡ ቀስ ብሎ እንደሚመታ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነገር ነው። ከዚያ ኳሷን በዝግታ ወደ ጎን ሳንቀሳቅሳት በዓይኑ፣ ቀጥሎም በአንገቱ ይከተላታል። ቀድሞ የተወለደው ሕፃን ግን ብዙ ጊዜ መንገዱ ላይ ይደክመዋል። ጣቶቹን ይዘረጋጋል፣ ግንባሩን ያኮሳትራል፣ ያዛጋል፣ ስቅ ይለዋል፣ በከንፈሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ይገረጣል፤ በመጨረሻም ፊቱን ያዞራል። አንዲት እናት ይህን አይታ «ሲስተር፣ አልወደዳትም መሰለኝ» አለችኝ። ኳሷን አስቀምጬ፣ እጄን በደረቱ ላይ አሳርፌ ምንም ሳልናገር ቆየሁ። ጥቂት ቆይቶ ራሱን መለሰና የእናቱን ፊት ፈለገ። ሕፃኑ ፊቱን ያዞረው ስለጠላ አልነበረም፤ የያዘው ከበዛበት ማረፍ ነበረበት፣ አረፈና ተመለሰ። ለወላጆች አንድ ነገር ብቻ ማስተማር ቢፈቀድልኝ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ልጁ ሲዞር እንዳይከተሉት፣ ጉንጩን እየነካኩ «እዚህ፣ እዚህ እየኝ» እንዳይሉት፣ እስኪመለስ እንዲጠብቁት።

የሚዞረው ሕፃን ቢያንስ እንደደከመው ይናገራል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማይዞረው ነው። ሱዛን ሮዝ፣ ጁዲት ፌልድማንና ጄፈሪ ጃንካውስኪ በኒው ዮርክ ቀድመው የተወለዱና በጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በአምስት፣ በሰባትና በአሥራ ሁለት ወራቸው እያዩ አወዳድረዋል። ዘዴያቸው ቀላል ነው፤ አንድ የሚታወቅ ፊት ከአዲስ ፊት ጋር እየተጣመረ ይቀርባል፣ ሕፃኑ አዲሱን ያለማቋረጥ መምረጥ እስኪጀምር ድረስ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ውጤት ቀድመው የተወለዱት ከዚያ ለመድረስ 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሙከራ፣ 30 በመቶ ያህል ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ አስፈልጓቸዋል። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይም ረዘም አድርገው ያያሉ፣ ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዘዋውሩትም ባነሰ ድግግሞሽ ነው። ይህ ለእኛ ባህል ትልቅ ትርጉም አለው። ረዘም አድርጎ የሚያይ ሕፃን አስተዋይ ይመስለናልና፤ ጥናቱ የሚያሳየው ግን በዚህ ዕድሜ ረጅም እይታ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ቀስ ብሎ የመረዳት ወይም ዓይንን የማላቀቅ ችግር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ነው።

ፒያሳ አካባቢ በአንድ አሮጌ ቤት ያየሁት ሕፃን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። የተወለደው በ30ኛው ሳምንት ነው፤ ከልደቱ ሲቆጠር ስድስት ወሩ ነበር። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ጎረቤቶች ለቡና ተሰብስበዋል፣ ከሰሉ ተያይዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ሕፃኑ በጀርባው ተኝቶ በጣሪያው መሀል ባለው አምፖል ላይ ዓይኑን ተክሏል። አያቱ በደስታ ተቀበሉኝ። «ተመስገን ነው ልጄ፤ ብርሃን ይወዳል፣ ማልቀስ የሚባል አያውቅም፣ አምፖሉን እያየ ይውላል» አሉኝ። «እማማ፣ ብርሃኑን ወድዶ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ዓይኑን ማንሳት ከብዶት ነው» አልኳቸው። አምፖሉን አጥፍተው፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው ልጁን ከጭሱ ራቅ ወዳለው ወደ መስኮቱ ወስደው በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፊታቸውን አቅርበው ስሙን ጠሩት። መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ግን አያቸው፣ አፉን ከፈተ፣ ድምፅም አወጣ። ሴትየዋ ወዲያው ገባቸው፤ የቡናውን ሥነ ሥርዓት ሳያስቀሩ ልጁ በሌላኛው ክፍል ወይም ከጓሮ ነፋስ በሚነካው ቦታ እንዲሆን፣ እንግዶችም ተራ በተራ ብቻ እንዲያነጋግሩት ያደረጉት እርሳቸው ናቸው።

ያ ሕፃን ለስድስት ወር ልጅ የዘገየ ይመስላል። ሆኖም አሥር ሳምንት ስለቀደመ የተስተካከለ ዕድሜው ገና አራት ወር አልሞላም ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ዓይን መጣበቁ እየተፈታ ያለ ነገር ነው። የተስተካከለ ዕድሜ የሚባለው ስሌት ልጁ ከተወለደ ያለፈውን ጊዜ ቆጥሮ ከ40 ሳምንት የጎደለውን መቀነስ ነው፤ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ዕድገቱ የሚመዘነው በዚህ ነው። ለምን ይህን ያህል እደጋግመዋለሁ ቢባል፣ በእኛ ዘንድ የሕፃን ቀን የሚቆጠረው ከልደቱ ስለሆነ ነው። በ30ኛው ሳምንት የተወለደ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ገና 36ኛ ሳምንቱን አልጨረሰም፤ ማለትም በማሕፀን ውስጥ መሆን የነበረበት ልጅ ነው። ክርስትናውን ማንም አይከለክልም፤ ሥርዓቱ የቤተሰቡ ክብር ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሚደረገው ድግስ ግን ልጁ በድንኳኑ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ እንዳይዞር፣ በድምፅ ማጉያው አጠገብ እንዳይቀመጥ፣ በእናቱ ደረት ላይ በነጠላ ተሸፍኖ እንዲውል ማድረግ ይቻላል።

ስለ እናት ደረት ከተነሳ፣ ከሁሉ በላይ ልቤ የሚሞላው በዚህ ጉዳይ ነው። ሕፃኑን በእናቱ ገላ ላይ አቅፎ ማቆየት፣ የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በቦጎታ፣ ኮሎምቢያ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ በተባሉ ሐኪም ተጀመረ፤ ማሞቂያ ሣጥን ስላጠራቸው ነበር። በከተማችንም የሕፃናት ሐኪሙ ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት በአዲስ አበባ የተሠራ ጥናት፣ ገና ከተወለዱ ብዙም ሳይቆዩ በእናታቸው ገላ ላይ ከታቀፉት ዝቅተኛ ክብደት ካላቸው ሕፃናት የሞቱት 22.5 በመቶ ሲሆኑ በተለመደው መንገድ ከታከሙት የሞቱት 38 በመቶ እንደነበሩ አሳይቷል። ይህ የእኛው ከተማ ውጤት ስለሆነ ለእናቶች ስነግራቸው በኩራት ነው። ለቀልብ ያለው ጥቅም ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ሩት ፌልድማንና ባልደረቦቻቸው በእስራኤል ቀድመው የተወለዱ ሕፃናት ለ14 ቀናት በየቀኑ አንድ ሰዓት በእናታቸው ገላ ላይ እንዲታቀፉ አድርገው፣ ካልታቀፉት ጋር እያወዳደሩ ለዓመታት ተከታትለዋቸዋል። የታቀፉት በሕፃንነታቸው እንቅልፍና ንቃታቸው የተስተካከለ፣ ነገሮችን ረዘም ላለ ጊዜ የሚመረምሩ ሆነው ተገኙ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ውጤት ደግሞ በአሥር ዓመታቸው ራስን የመቆጣጠርና ሐሳብን የማዘዝ ችሎታቸው የተሻለ ነበር። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ይህን ካደረገ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንደመከረው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ቢሆን ምን ያህል ሊጠቅም እንደሚችል አስቡት። አባቶችም ይችላሉ። ጋቢውን ደርበው ልጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው የሚያድሩ አባቶች በክፍላችን ሲበዙ ማየት ከሥራዬ ደስታዎች አንዱ ነው።

የክፍሉ ድምፅና ብርሃንም የሚናቅ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1997 በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የድምፅ መጠን ከ45 ዴሲቤል ባይበልጥ መልካም እንደሆነ መክሯል፤ የሞኒተር ጩኸት፣ በማሞቂያ ሣጥኑ ክዳን ላይ የሚቀመጥ ብረት፣ በሥራ ለውጥ ሰዓት የምናደርገው ወሬ ይህን በቀላሉ ያልፋል። የሚገርመው ግን ሕፃኑ የሚያስፈልገው ፍጹም ጸጥታ አለመሆኑ ነው። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በ32ኛውና በ36ኛው ሳምንት በክፍሉ ውስጥ ይበልጥ የሰው ንግግር የሰሙ ሕፃናት በሰባትና በአሥራ ስምንት ወራቸው በቋንቋና በማሰብ ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ጫጫታውና የእናት ድምፅ አንድ አይደሉም ማለት ነው። በዝግታ፣ በቅርብ፣ አንድ ሰው ብቻ እየተናገረ፤ እሹሩሩ ማለትም ይሁን የቀኑን ውሎ መንገር፣ ሕፃኑ የሚያውቀውን ድምፅ እንዲሰማ መተው ነው።

የልጁ ቀልብ የደከመ መስሎ ሌላ ነገር የሚሆንበት ጊዜም ስላለ መጣራት ያለበት አስቀድሞ ነው። ኦክስጅን የወሰደ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን የሬቲና (በዓይን ውስጥ ከኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሕመም ሊይዘው ስለሚችል፣ በተወለደ በአራት ሳምንት ገደማ በዓይን ሐኪም መታየት አለበት፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ የማይመለስ ጉዳት ሊከተል ይችላል። ጆሮውም እንዲሁ ይመርመር፤ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ አንዳንዴ የማይሰማ ልጅ ነው። ሕፃን የብረት ማዕድን ከእናቱ የሚያገኘው በዋናነት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት በመሆኑ ቀድሞ የተወለደው ሳይሰንቅ ይወጣል፤ የብረት እጥረት ደግሞ ራሱን ችሎ ትኩረትን ያደክማል። ሐኪሙ ያዘዘውን የብረት ጠብታ «ጥርሱን ያጠቁርበታል» ወይም «ሆዱን ያደርቀዋል» ብለው በየመንደሩ የሚያስቆሙ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር። በቅርብ ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስተው ወደ ከተማው ዳር የገቡ ቤተሰቦች ደግሞ ከትራንስፖርቱ ርቀት የተነሳ ቀጠሮ ይዘልላቸዋል። ሁሉንም ቀጠሮ ማክበር ካልተቻለ የዓይኑ ቀጠሮ እንዳይቀር እለምናቸዋለሁ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በተስተካከለ ዕድሜ ማለቴ ነው፣ የሚታየው ነገር ይበልጥ ያምራል። ሆሊ ራፍ የተባሉት ተመራማሪ ሕፃን አንድን ነገር ዝም ብሎ ከመያዝ ያለፈ ቀልቡን ጥሎ ሲመረምር ምን እንደሚመስል በጥንቃቄ ገልጸዋል፤ ሰውነቱ ጸጥ ይላል፣ ፊቱ ይኮስተራል፣ ዕቃውን በእጁ እያገላበጠ ያየዋል፣ ድምፅ አያወጣም። ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ቀድመው የተወለዱ ልጆችን ሲከታተሉ፣ በሰባት ወር የታየው እንዲህ ያለ ትኩረት ከዓመታት በኋላ ከሚታየው የማሰብና የመረጋጋት ችሎታ ጋር እንደሚያያዝ አግኝተዋል። ለዚህ ውድ መጫወቻ አያስፈልግም። አንድ የእንጨት ማንኪያ፣ አንድ የቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ በቂ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ከሆነ። ልጁ እያጠና ሳለ ማንኪያውን ነጥቆ ሌላ መስጠት ወይም «ጎበዝ! ጎበዝ!» እያሉ ማጨብጨብ ቀልቡን መስረቅ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ እናቱ ወዳየችበት አብሮ ማየት፣ በጣቷ ወደጠቆመችው መዞር ይጀምራል፤ የቃላት ትምህርት የሚመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ቀድሞ የተወለደው ልጅ ለመዞር ጊዜ ሊፈልግ ስለሚችል ጣት እንደተቀሰረ ይቆይለት፤ የተጠቆመችው ድመት እስክትሄድ ድረስ ቢሆንም እንኳ። ስልክ ለዚህ ምትክ አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስክሪን ጨርሶ እንዳይሰጥ መክሯል። ዓይኑን ማላቀቅ ለሚከብደው ልጅ ደግሞ በየሰከንዱ የሚቀያየር ምስል የሚይዘው ከሌሎች ይበልጥ ነው፤ ጸጥ አለ ማለት እየተማረ ነው ማለት አይደለም።

ችግሩ ሳይታይ የሚቀረው ከሁሉም በላይ በትምህርት ቤት ነው። የትኩረት ጉድለት ሲባል መምህራን የሚያስቡት የሚሮጠውን፣ ወንበር የሚያዞረውን፣ ጓደኛውን የሚመታውን ልጅ ነው። ቀድመው በተወለዱ ልጆች ላይ ግን ይበልጥ የሚታየው ቀልብ የመበተኑ ወገን እንጂ የመቅበጥበጡ አይደለም። ልጁ ኬጂ ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ በመስኮት ያያል፤ ማንንም አያስቸግርም። በኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «በጣም ጨዋ ነው፤ ግን ሥራውን አይጨርስም» ተብሎ ይጻፋል። አንደኛ ክፍል ሲደርስ ከሰሌዳ መገልበጥ ያቅተዋል፣ መምህሩ በአንድ ትንፋሽ ከሰጡት ሦስት ትእዛዝ የመጀመሪያውን ብቻ ይይዛል። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ «ሰነፍ»፣ «ቀልበ ቢስ» መባል ይጀምራል፤ ከዚያም ቅጣቱ ይመጣል። አምላክ ያውቃል፣ ያ ልጅ ከእኩዮቹ ይበልጥ እየጣረ ሊሆን ይችላል፤ ነገሩን ለመረዳት ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልግ ልጅ ከሌሎች እኩል ለመሄድ በየደቂቃው መሮጥ አለበትና። ሲያመሽ የሚነጫነጨውም፣ የቤት ሥራ ሲቀርብለት የሚያለቅሰውም ከዚሁ ድካም ነው።

ለመምህራን የምጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ልጁ ከመስኮትና ከበር ርቆ ከፊት ይቀመጥ። ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ስሙ ይጠራ፣ ትከሻው ይነካ፣ ዓይኑ እስኪመጣ ይጠበቅ፤ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይነገረው፣ ሲጨርስ ሁለተኛው። በአንድ ገጽ ላይ ያለው አሥር ጥያቄ በወረቀት ተሸፍኖ ሦስት ሦስቱ ቢገለጥለት ብዙ ልጆች ይጨርሳሉ። በፈተና ላይ ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ቢሰጠው አድልዎ አይደለም። ይህ ሁሉ ተደርጎ ልጁ አሁንም ከተቸገረ ወደ ሕፃናት ሐኪም ወይም ወደ ሥነ አእምሮ ባለሙያ መላክ እንጂ ክፍል ማስደገም መፍትሔ አይሆንም።

መምህሯ ግን ይህን ልታደርግ የምትችለው ካወቀች ነው። እኔ ባየኋቸው የምዝገባ ቅጾች ላይ የልደት ቀን፣ የክትባት ካርድና የወላጅ ስልክ እንጂ ልጁ በስንት ሳምንት እንደተወለደ የሚጠየቅበት ቦታ የለም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁን የመውጫ ወረቀት አትጣሉት፤ የተወለደበት ሳምንት፣ ክብደቱ፣ በኦክስጅን የቆየበት ጊዜ፣ የጭንቅላቱ አልትራሳውንድ ውጤት ያለው እዚያ ላይ ነው። ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ከክትባት ካርዱ ጋር አያይዙት፤ ለምዝገባ ስትሄዱም አንዱን ቅጂ ለክፍል መምህሯ በእጇ ስጧት። ወረቀቱ ከጠፋባችሁ ወደ ሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄዳችሁ በካርድ ቁጥራችሁ ጠይቁ፤ እሱም ካልተገኘ ሳምንቱን በራሳችሁ እጅ ጽፋችሁ፣ ሥሩ ላይም ልጁ ሲጠራ ለመዞር ጊዜ እንደሚፈልግ አክላችሁ ስጧት።